የእናቴ የኤስ ኤስ አይ ገንዘብ ሳይነካ በኔ አካውንት ተከማችቷል፤ ምን ላድርግ?

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴ 73 ዓመቷ ነው፤ ኤስ ኤስ አይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች መንግሥት በየወሩ የሚሰጠውን ድጎማ) ታገኛለች። ከሁለት ዓመት በፊት መርሳት ስትጀምር ክፍያውን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ እኔን ሪፕረዘንታቲቭ ፔዪ፣ ማለትም ገንዘቧን ተቀብዬ ለሷ የማወጣ ተወካይ፣ አደረገኝ። ያኔ ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር ክፍያዋ በቀጥታ እኔ የራሴ ቼኪንግ አካውንት እንዲገባ አደረግሁ። ደመወዜም የሚገባው እዚያው ነው።

እናቴ ይህ ነው የሚባል ወጪ የላትም። ቤት ውስጥ አራት ነን፤ ኪራይ፣ መብራት፣ ጋዝና ውኃ ተደምሮ በወር 2,600 ዶላር ይወጣል። ከሷ ግን ምንም አልቀበልም። ከእናቴ ኪራይ ልቀበል? ማመልከቻው ላይ ግን ድርሻዋን እንደምትከፍል ስለተሞላ የሚገባላት ሙሉው ክፍያ ነው። በ2025 ከፌብሩዋሪ 12 እስከ ኤፕሪል 28 ጎንደር እህቷ ዘንድ ነበረች። ክፍያው እንደወትሮው ገባ፤ እኔም አላሳወቅሁም። ሰሞኑን ቁጭ ብዬ ስደምር የሷ የሆነ 6,840 ዶላር አለ። ከተፈቀደው የ2,000 ዶላር ገደብ ካለፈ ከዓመት በላይ ሆኖታል።

አሁን የዓመቱ ሪፖርት ፎርም መጣብኝና ምን ያህል እንደተቆጠበ ይጠይቃል። ወንድሜ «አውጪውና ጎንደር ላኪው፣ የራሷ ገንዘብ አይደል?» ይላል። ሚስቱ ዕቁብ አስገቢው ትላለች። እናቴ ደግሞ ትዝ ባላት ቁጥር ለእህቷ ቤት ጣሪያ 3,000 ዶላር እንድልክ ትለምነኛለች። ለሰው ሠራሽ ጥርሷ ሐኪሙ 1,800 ዶላር ጠይቆን ነበር፤ «ይቆይ» ብላ አስተወችኝ። አንድ ሳንቲም አልበላሁም፤ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የጨነቃት ልጅ፣ ከሜሪላንድ

ውድ እህቴ፣

ሳይነኩት ባስቀመጡት ገንዘብ እንቅልፍ ማጣት ከባድ ነው። አንዳንዱ የእናቱን ገንዘብ ጨርሶ ሳይጨነቅ ይተኛል፤ አንቺ ሳትነኪው ትጨነቂያለሽ። ገንዘቡ የተከማቸው ኪራይ አልቀበልም ስላልሽ ነው፤ ደግነትሽ ነው እዚህ ያደረሰሽ። ይሁንና ሶሻል ሴኩሪቲ የሚያየው ቁጥሩንና ቀኑን ስለሆነ እኛም ከዚያው እንጀምር።

በመጀመሪያ 6,840 ያልሽው ቁጥር ትክክል ላይሆን ይችላል። እንዴት ደመርሽው? የገባውን ሁሉ ደምረሽ «ለእናቴ ወጣ» ብለሽ የምታስታውሺውን ብቻ ቀንሰሽ ከሆነ፣ የስልኳ ወርኃዊ ሒሳብ፣ ጫማዋ፣ የመድኃኒት ኮፔይ፣ የእድር መዋጮዋ ተረስቶ ይሆናል። ባንክሽ ድረ ገጽ ገብተሽ የ24 ወሩን ስቴትመንት አውርጂ። አንድ ደብተር ላይ በአንድ በኩል የሷን ክፍያ ከቀኑ ጋር፣ በሌላው በኩል ከዚያው አካውንት ለሷ የወጣውን፣ በመጨረሻ በየወሩ 1ኛ ቀን የቀረውን ጻፊ። ደረሰኝ ያለውን አያይዢ፤ ደረሰኝ የሌለውን ስቴትመንቱ ላይ አስምሪበት። አንድ ቅዳሜ ይፈጅብሽ ይሆናል፤ ቀጥሎ የምታደርጊው ሁሉ ግን በዚህ ደብተር ላይ ነው የሚቆመው።

በየወሩ 1ኛ ቀን ያልኩሽ ያለ ምክንያት አይደለም። የኤስ ኤስ አይ የንብረት ገደብ ለአንድ ሰው 2,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ነው፤ ከ1989 ጀምሮ አልተነካም፤ የኪራይ ዋጋ የት እንደደረሰ ያየ ሁሉ ይገርመዋል። ቆጠራው የሚካሄደው ወሩ በገባ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ነው። በ15ኛው ቀን 3,000 ኖሮ በወሩ መጨረሻ ከ2,000 በታች ከወረደ ችግር የለም። በ1ኛው ቀን ግን 2,100 ከተገኘ የሚጠፋው ትርፉ 100 ዶላር ብቻ አይደለም፤ የዚያ ወር ክፍያ በሙሉ «አይገባም ነበር» ይባላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሌላም የሚያምታታ ነገር አለ። የዚያው ወር ክፍያ በዚያ ወር ገቢ እንጂ ንብረት አይደለም። ጃንዋሪ 1 በዓል ስለሆነ የጃንዋሪ ክፍያ ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ቀድሞ ይገባል። ስለዚህ ጃንዋሪ 1 ጠዋት 2,700 ብታዪ አትደንግጪ፤ ከዚያ ውስጥ የ2026 ወርኃዊ ክፍያ 994 ዶላር ሲቀነስ የሚቆጠረው 1,706 ነው። ደብተርሽን ስትሞዪ ይህን አትርሺ፤ አንዳንዱ ወር በዚህ ብቻ ከገደቡ በታች ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጎንደሩ ጉዞ። ኤስ ኤስ አይ፣ ከጡረታው ከሶሻል ሴኩሪቲ በተለየ፣ ከአገር ሲወጡ ይቆማል። አንድ ሰው ሙሉ የካላንደር ወር ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ የዚያ ወር ክፍያ አይገባውም። 30 ተከታታይ ቀን ከውጭ ከቆየ ደግሞ ተመልሶ 30 ተከታታይ ቀን አሜሪካ ውስጥ እስኪሞላ ድረስ ገና እንደ ወጣ ይቆጠራል። ስለዚህ የእናትሽ የማርች እና የኤፕሪል ክፍያ ሙሉ በሙሉ፣ የሜይም ከመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት በቀር ተመላሽ ነው። በ2025 ሙሉው ክፍያ 967 ዶላር ስለነበር የሁለቱ ወር ብቻ 1,934 ይሆናል። ካስቀመጥሽው ውስጥ ይህን ያህሉ ከመነሻው የእናትሽ ገንዘብ አልነበረም። ፌብሩዋሪ ሳይነካ የቀረው የወሩን የመጀመሪያ ቀናት እዚሁ ስለነበሩ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሳልሸፍን ልንገርሽ፤ ከኔ ብትሰሚው ይሻላል። ከገደቡ በላይ የነበሩት ወሮች አሥራ ሁለት ከሆኑ፣ በ967 ሒሳብ የሚጠየቀው እስከ 11,604 ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ ካጠራቀምሽው ይበልጣል። «ትርፍ ክፍያ» የሚባለው ይህ ነው። ደብዳቤው ሲመጣ ግን የመጨረሻው ቃል አይደለም። ቁጥሩ ልክ አይደለም ካልሽ ደብዳቤው በደረሰሽ በ60 ቀን ውስጥ ኤስኤስኤ-561 በሚባለው ፎርም እንደገና እንዲታይ ትጠይቂያለሽ። ቁጥሩ ልክ ቢሆንም ጥፋት የለብንም፣ ለመክፈልም አቅም የለንም የምትሉ ከሆነ ይቅርታ የሚጠየቀው በኤስኤስኤ-632 ነው፤ ይህኛው የጊዜ ገደብ የለውም። በ30 ቀን ውስጥ ካስገባሽ ደግሞ ውሳኔ እስኪሰጥ መቀነስ አይጀምሩም። ይቅርታው ባይሳካም እናትሽ ክፍያ እያገኙ እስከቀጠሉ ድረስ የሚቆረጠው እንደ ደንቡ ከወር ገቢያቸው 10 በመቶ ነው፤ ከ994 ላይ 99 ዶላር ገደማ። የሚያም ቢሆንም የሚኖሩበት ነው።

ይቅርታው ላይ እውነቱን ልንገርሽ፤ ፔዪ ሆነሽ ስለነበር «አላወቅሁም» የሚለው ቃል ከተራ ዘመድ ይልቅ ካንቺ ሲመጣ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ተጠያቂነቱም ወዳንቺ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ከመደወልሽ በፊት ደብተርሽን ይዘሽ እንደ ሜሪላንድ ሊጋል ኤይድ ወዳለ ነፃ የሕግ አገልግሎት ሂጂ። ይህን የምታደርጊው ለወራት አቆይተሽ ሳይሆን በዚህ ሳምንት ነው፤ ምክንያቱም የሚመጣው 1ኛ ቀን አይጠብቅሽም። ገንዘቡ በዚያን ቀን ከ2,000 በላይ ሆኖ ከተገኘ ሌላ 994 ይጨመርበታል። ለውጥን ማሳወቅ ያለብሽም ለውጡ ከሆነበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር እስከ 10ኛው ቀን ነው፤ ሳያሳውቁ መቅረት ከ25 እስከ 100 ዶላር የራሱ ቅጣት አለው።

በዚህ መሀል ባንክ ሂጂና አዲስ አካውንት ክፈቺ። የሶሻል ሴኩሪቲ የሹመት ደብዳቤሽን፣ መታወቂያሽንና የእናትሽን ሶሻል ቁጥር ያዢ። የአካውንቱ ስም የእናትሽ ሆኖ፣ «በእገሊት፣ ሪፕረዘንታቲቭ ፔዪ» ተብሎ ያንቺ ስም ይከተላል። ባንኩ ውስጥ ያለችው ልጅ «ጆይንት ይሻልሻል፣ ቀላል ነው» ብትልሽ በትሕትና እምቢ በያት፤ የጋራ አካውንት አይፈቀድም፣ እናትሽም በዚህኛው ላይ ካርድ አይኖራቸውም። የውክልና ወረቀት አለኝ ብለሽም አትመኪ፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ለዚህ ጉዳይ ውክልና አይቀበልም፣ የሚያውቀው ፔዪ ብቻ ነው። ወለድ ያለው ቢሆን ጥሩ ነው። ክፍያው ወደ አዲሱ እንዲዞር ካደረግሽ በኋላ የመጀመሪያው ክፍያ ገብቶ እስክታዪ ድረስ በቀድሞው የሚገባበትን መንገድ አትዝጊ፤ በመሀል የሚንከራተት ክፍያ ለማግኘት ሳምንታት ይወስዳል።

በራስሽ ስም ማስቀመጡ ለምን ክፉ እንደሆነ ለወንድምሽ ማስረዳት ካስፈለገ እንዲህ በዪው፦ ነገ እኔ ላይ ዕዳ ቢመጣ፣ ትዳሬ ቢፈርስ፣ ወይም ድንገት ብሞት፣ ወረቀቱ ላይ ገንዘቡ የኔ ነው፤ የእማዬ መሆኑን የሚመሰክር የለም።

ገንዘቡን ከገደቡ በታች ስለ ማውረዱ ደግሞ፣ ባቀረብሽው ቁጥር እንሂድ። ከ6,840 ላይ፣ የሜይን ሳንጨምር፣ የጉዞውን የሁለት ወር 1,934 ለመመለስ ብታሳውቂና ብትከፍዪ 4,906 ይቀራል። ሕጉ ለቀብር ብቻ ተለይቶ የተቀመጠ እስከ 1,500 ዶላር አይቆጥርም። ከሌላው ገንዘብ ጋር ሳይቀላቀል፣ «የቀብር» ተብሎ በስማቸው በተለየ አካውንት መቀመጥ አለበት፤ ከዚያ ላይ ለሌላ ጉዳይ ከተነካ ግን ከወደፊት ክፍያቸው ይቆረጣል። የሕይወት ኢንሹራንስ ካላቸው 1,500ውን ሊቀንሰው ስለሚችል አስቀድመሽ አረጋግጪ። 3,406 ቀረ። ጥርሱ 1,800 ነው፤ 1,606 ቀረ። ወርዷል። ያም ሆኖ 1,500 አካባቢ እንዲያርፍ አድርጊው፤ 1,990 ላይ የቆመ አካውንት በአንዲት ያልተወጣች የስልክ ሒሳብ ገደቡን ያልፋል። ያለፉትን ወሮች ይህ አያጠፋቸውም፤ የሚመጡትን ነው የሚያድነው። የሕግ ባለሙያው ቅደም ተከተሉን ቀይሪ ካለሽ እሱን ስሚ።

ጥርሱን «ይቆይ» ያሉት ለምን ይመስልሻል? ብዙ ወላጆች ገንዘቡ የልጃቸው ይመስላቸዋል፤ ልጄን ላላስቸግር ብለው ሥጋ ማኘክ ያቆማሉ። እስቲ አንድ ቀን፣ አእምሯቸው ብሩህ በሚሆንበት ሰዓት፣ «እማዬ፣ ይሄ መንግሥት ላንቺ የሰጠው ነው፣ ለጥርስሽ ነው የመጣው» ብለሽ ንገሪያቸው። ከጥርሱ ሌላ መነጽር፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ ወገባቸውን የማይጎዳ ፍራሽ፣ የክረምት ካፖርት፣ መታጠቢያ ቤት የሚገጠም መያዣ፣ ሁሉም የሚፈቀድ ወጪ ነው። የቤት ዕቃ እንደ ንብረት አይቆጠርባቸውም።

ኪራዩን በሚመለከት ግን ከልብሽ ጋር መታገል ሊኖርብሽ ነው። 2,600ውን ለአራት ስናካፍለው ድርሻቸው 650 ነው። ማመልከቻው ላይ ይከፍላሉ ስለተባለ ሙሉውን ክፍያ ሲያገኙ ቆይተዋል፤ ድርሻቸውን ሳይከፍሉ በሰው ቤት የሚኖሩ ከሆነ ግን ክፍያው እስከ አንድ ሦስተኛ ሊቀነስ ይችላል። ስለዚህ ያለፈው አለመክፈልም ከሕግ ባለሙያው ጋር የምትነጋገሪበት ነገር ነው። ከአሁን ወዲያ በየወሩ 650ውን ከአዲሱ አካውንት ወዳንቺ አስተላልፊ፤ ማስታወሻው ላይ «የማርች ኪራይና መብራት ድርሻ» ብለሽ ጻፊ። በጥሬ ገንዘብ አይሁን። የሁለት ዓመቱን ያልተቀበልሽውን ኪራይ ደምረሽ ዛሬ ለራሴ ልመልስ ማለት ግን ሶሻል ሴኩሪቲን ሳትጠይቂ የማትነኪው ነገር ነው፤ በተለይ አሁን፣ ሒሳቡ ሊታይ ሲል፣ መልኩ ያምራል አትበዪ። ነውር ነው የሚለው ስሜት ካልለቀቀሽ፣ እናትሽን በራስሽ ደመወዝ ደስ የምታሰኚበት መንገድ ሞልቷል፤ የሚያስቸግረው የሳቸው ገንዘብ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ነው።

የእህታቸው ጣሪያ ልቤን ነክቶታል። ግን 3,000 ዶላር ከተቀማጩ አውጥቶ በስጦታ መላክ ንብረትን ያለ ዋጋ ማስተላለፍ ይባላል፤ ሶሻል ሴኩሪቲ 36 ወር ወደ ኋላ ሄዶ ያያል። ቅጣቱ የሚሰላው የተሰጠው ለወር ክፍያ ተካፍሎ ነው፦ 3,000 ለ994 ሲካፈል ሦስት ወር ያለ ክፍያ። በዚያ ላይ ፔዪ የባለቤቱን ገንዘብ ለባለቤቱ ፍላጎት እንጂ ለዘመድ ስጦታ አያወጣም። ጣሪያው መሠራት ካለበት አንቺና ወንድምሽ ከደመወዛችሁ አዋጡ፤ ወንድምሽ ይህን ያህል የሚቆረቆር ከሆነ መጀመሪያ ኪሱን ይክፈት። ለእናትሽ ግን በየወሩ ለእጃቸው ጥቂት ገንዘብ፣ 60 ወይም 80 ዶላር፣ ስጪና «የግል ወጪ» ብለሽ መዝግቢ። ለቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ቢከቱት፣ ለልጅ ልጅ ከረሜላ ቢገዙበት አትጠይቂያቸው። ገንዘብ በእጁ የሌለው ሽማግሌ ነው አብዝቶ ስለ ገንዘብ የሚጨነቀው።

ዕቁቡ አይሆንም። ፔዪ ገንዘቡን በባንክ ወይም በመንግሥት ቦንድ በባለቤቱ ስም ነው የሚያስቀምጠው፤ ዕጣው ለእናትሽ እስኪደርስ ገንዘባቸው በሌላ ሰው እጅ ነው፣ ሲደርስም በአንዴ ከገደቡ ያሳልፋቸዋል። አውጥቶ ቤት መደበቁም እንዲሁ፤ ጥሬ ገንዘብ በፍራሽ ሥር ቢሆንም ንብረት ነው። «ባንቺ ስም ስለሆነ አያዩትም» የሚለውን ምክር አትስሚ። ሶሻል ሴኩሪቲ የተጠቃሚዎችን የባንክ ሒሳብ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚያይበት አሠራር አለው፤ እሱ ባያይ እንኳ ፎርሙ ላይ የምትፈርሚው አንቺ ነሽ።

ፎርሙ ኤስኤስኤ-623 ነው። ለምግብና ለቤት ምን ያህል ወጣ፣ ለልብስ፣ ለሕክምናና ለሌላው ምን ያህል ወጣ፣ ምን ያህል ተቀመጠ፣ በምን ዓይነት አካውንትና በማን ስም ብሎ ይጠይቃል። ከደብተርሽ ላይ እንዳለ ገልብጪው። ለቤት ወጪ ዜሮ ከሆነ ዜሮ ጻፊ፤ ቁጥሩን ለማሳመር 650 እያልሽ አትሙዪ። አሁን ያለሽበት ሁኔታ ስሕተት ነው፤ ያንን ብታደርጊ ግን የሐሰት ቃል ይሆናል፣ የዚያ መጨረሻው ሌላ ነው። ፎርሙንም ዝም ብለሽ አታቆዪው፤ ሪፖርት ያላስገባ ፔዪ ሊነሣ ይችላል። ከተነሣሽ ወይም ራስሽ «በቃኝ» ካልሽ የተቆጠበው ገንዘብ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ተመልሶ ለሚተካው ፔዪ ይሰጣል እንጂ ለእናትሽ አይከፋፈልም፤ ለወንድምሽም።

ከመደወልሽ በፊት ሦስት ጥያቄ ልጠይቅሽ። ስለ ጎንደሩ ጉዞ ማንም ለሶሻል ሴኩሪቲ አልተናገረም ወይስ እናትሽ ራሳቸው ተናግረው ይሆን? ማመልከቻውን ማን ሞላው፣ ቅጂውስ አለሽ? ከሁለት ዓመት በፊት ሹመቱ ሲመጣ የመጣውን የፔዪ መመሪያ የሚተረጉምልሽ ሰው ነበር? የመጨረሻው በተለይ ይቅርታ ስትጠይቂ ይጠቅምሻል። ስልኩ 1-800-772-1213 ነው፤ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ፣ «አማርኛ» ብለሽ ጠይቂ። እንግሊዝኛሽ ጥሩ ቢሆንም እናትሽ በመስመሩ ላይ ካሉ ይጠቅማል። ያነጋገረሽን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊ። በአካል ከሄድሽ ላስረከብሽው ወረቀት ሁሉ ማኅተም ያለበት ቅጂ ተቀበዪ።

አንድ ነገር አጥብቄ ላስይዝሽ። የእናትሽ ክፍያ በንብረት ምክንያት 12 ተከታታይ ወር ከተቋረጠ ፋይሉ ይዘጋና እንደ አዲስ ማመልከት ይመጣል፤ በሜሪላንድ ሜዲኬይዳቸውም (የመንግሥት የጤና ሽፋናቸው) ከኤስ ኤስ አይ ጋር የታሰረ ነው። ለመርሳት ሐኪምና መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው አሁን ነው። ስለዚህ ትርፍ ክፍያውን በስድስት ወርም ሆነ በሦስት ዓመት ብትከፍሉት፣ ከሚመጣው 1ኛ ቀን ጀምሮ ከገደቡ በታች ማደራቸውን አስቀድሚ። የጥርስ ሐኪሙን ነገ ጠዋት ደውይለት።